የታነቀችው ሴት ሥዕል

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከመሸንቲ ባሕር ዳር የመጡት ለልጃቸው በርበሬ ሊያደርሱ ነበር። መኪናው ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት አወረዳቸው። ቀና ሲሉ ልጃቸውን በግድግዳው ላይ ታንቃ አዩዋት።

ሸራው ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። የሴትዮዋ ቀሚስ እስከ ጭኗ ተቀድዷል፤ ሁለት ፈርጣማ የወንድ እጆች አንገቷን ፈጥርቀው ይዘዋል። ፊቷ የእናትዓለም ነው። የግራ ቅንድቧ ጠባሳ እንኳ አልቀረም፤ ሠዓሊው ቀኝና ግራው ተምታቶበት በቀኝ አደረገው እንጂ።

ከሥሩ ጎረምሶች ተኮልኩለው ይሳሳቃሉ። "እቺንማ ሁለቴ ገብቼ ነው የማያት!" አለ አንዱ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጎረምሶቹን ገፋ ገፋ አድርገው አለፉ። ወደ ትኬት ሻጯ መስኮት ተጠጉ።

"ልጄ፣ እዚህ ፊልም ውስጥ ሴት ትታነቃለች?"

"ኧረ እማማ፣ ፊልሙ የፈረስና የሽጉጥ ነው፤ ሴት የሚባል ዘር የለበትም" አለች ትኬት ሻጯ። "ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሴት ካልታነቀች ወንበር አይሞላም ይላል። ልብሷን ቅደድ፣ አንገቷን ያዝ፣ ነው ትእዛዙ። እውነትም ይሞላል።"

"ሠዓሊውስ ማነው?"

"አካሉ ነዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ አይደል።"

አካሉ አማቻቸው ነው። ከፋብሪካ ከተቀነሰ ወዲህ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ተጠይቆ በቅጡ መልሶ አያውቅም። እንግዲህ የሸሸገው ጉድ ይህ ኖሯል!

የልጃቸው ቤት ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ የበቀለበት አጠገብ ናት። ሲገቡ አካሉ ሽንኩርት ይከትፋል። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ! ይህም አለ ለካ፣ አሉ በሆዳቸው። ብድግ ብሎ ቀለም ያልነካው እጁን ዘርግቶ ጉልበታቸውን ሊስም ቢያጎነብስ እግራቸውን ሰበሰቡበት።

ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። ጥግ ላይ ትልቅ መስታወት ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ አንዲት በርጩማ አለች። እዚያ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያሠቃያት፣ ብለው አሰቡ። እናትዓለም ከውስጥ ስትወጣ አንገቷ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ወይን ጠጅ ነገር አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀለም ነው፣ እማ። ሳላውቅ ነክቶኝ ነው።" በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችው፤ አልለቅ አለ።

"ለእኔ ነው ቀለም የምትነግሪኝ?"

ባለቤታቸው መሪጌታ ገብረ መስቀል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊ ነበሩ። ሸራውን እቤት ሥለው ሲጨርሱ በታንኳ ተወስዶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሴት የማትገባበት ገዳም ቢሆን እንኳ ቀለሙን የምትፈጨው ይህችው ልጅ ነበረች።

"አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሰማዕታት ሣለ፤ ግን አንድም ቀን ማንንም አላነቀ!" አሉና ወደ አማቻቸው ዞሩ። "አንተ! እውነት ልጄን እንዲህ አድርገህ ነው የሣልሃት?"

አካሉ ሚስቱን አየ። እሷ ራሷን በትንሹ ወዘወዘች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አለ።

"ተነሽ፣ መሸንቲ እንሂድ።"

"አልሄድም፣ እማ። በወለድሽኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ከተሰማ ያልቅልናል።"

አፏን ለጉሞታል፣ አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል። ያንን ሌሊት ዘመድ ቤት ተጠግተው እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር አደሩ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። መርዶዋን ከምሰማ፣ እግዜርም ሰውም ይታዘበኝ፣ ብለው በጠዋት ወደ ቀበሌ ገሰገሱ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ክንዱ በጥሞና አዳመጣቸው። "ሴትን የሚያዋርድ የአድኃሪ ሥዕል!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ሥዕሉን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ከሲኒማው የፊት ወንበር ጠፍቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ እንዲልክ ከታዘዘው ላይ አንድ ሰው ጎድሎበት ጭንቅ ላይ ነበር፤ እኒህን እናት እግዜር ላከለት።

አብዮት ጠባቂዎቹ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን አስከትለው የልጃቸውን በር በሰደፍ መቱ።

"ያንን ሥዕል የሣለ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ አካሉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"አይደለም!" እናትዓለም መሐላቸው ገባች። "አልነካኝም! አንድ ቀን እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም! እማ፣ በሥላሴ፣ ተሳስቻለሁ በያቸው!"

"ዝም በይ አንቺ!" አላት አካሉ። ከዚያ በፊት ሲቆጣት ማንም አልሰማም።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ፊታቸውን አዞሩ። ዱላ የለመደች ሴት መቺዋን ትሸሽጋለች፤ ይህን ስንቷ ላይ አይተዋል! ግን ልጃቸው አካሉን ከጫነው መኪና ኋላ እየሮጠች አቧራ ላይ ወደቀች። ሊያነሷት ሄዱ። እጃቸውን ገፍታ ተነሣች፣ ቤቷ ገብታም በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

"አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ" አሉ በበሩ ስንጥቅ። በየዕለቱ እየተመላለሱ ደጁ ላይ ተቀመጡ፤ ቀለም ይሸታቸዋል እንጂ ድምፅ አይሰሙም። ልጄን አዳንሁ እያሉ ለራሳቸው ይናገራሉ፣ መልሰው ደግሞ ያለቅሳሉ።

ቅዳሜ ወደ መሸንቲ ሊመለሱ ተነሡ። ያንን ግድግዳ ባዶውን አይተው እፎይ ለማለት በሲኒማ ቤቱ በኩል ዞሩ። ከወትሮው የበዛ ሰው ቆሟል። ሳቅ ግን የለም። ቀለሙ ያልደረቀ አዲስ ሸራ ተሰቅሏል፤ ያው የእናትዓለም ፊት፣ ያው በቀኝ የተሣለ ጠባሳ፣ ያው የተቀደደ ቀሚስ። ሰዉ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያያቸው መንገድ ለቀቀላቸው።

አንገቷን አንቃ የያዘቻት ነጠላዋን ያጣፋች፣ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች አሮጊት ነበረች፤ ፊቷም የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ነው።