አብረዋት የወጡት

ልጇ ይርጋ ከቤት ወጥቶ ከቀረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱን ሰፈሮች በሚያገናኘው የወንዝ ዳር ንጣፍ መንገድ ላይ ከማለዳ ጀምሮ እየተመላለሰች፣ ያገኘችውን ሁሉ «ቀይ ሹራብ የለበሰ ጎረምሳ አላያችሁም?» ትላለች።

 በየድልድዩ የሚያውቋት ሴቶች እየወጡ ተከተሏት። «አንድም ሰው አልጨከነብኝ፤ ይኸው ሊፈልጉልኝ መጡ» ብላ በረታች።

«እህቴ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አለቻት ጎረቤቷ ሙሉእመቤት፣ ዳቦ ቆርሳ እየዘረጋችላት።

«ልጄን ሳላገኝ?»

«በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።»

ጊዜ እንዳይሄድባት ቶሎ ዋጠችው። «በሉ፣ እናንተ በታች በኩል፣ እኔ በላይ...» ብላ ዞረች።

የተንቀሳቀሰ የለም። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል።