የወረቀት ሐይቅ

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ አዲሱን ቤቷን በተከራየች ሰሞን፣ ግድግዳ የምትጋራትን ጎረቤቷን ያወቀቻት በመቀስ ድምፅ ነው። ጠዋትም ከሰዓትም ቅርጭ፣ ቅርጭ ይላል። የግቢው ሰው ሴትየዋን «እትዬ ወረቀት» ይላታል። ዘመድ ሲጠይቃት ያየ የለም።

አዋላጇ አንድ ቀን «ሽንኩርት አልቆብኝ ነው» ብላ አንኳኳች። ሽንኩርቱማ ሞልቷል፤ ያጣችው ሰው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ የካርቶን ቁርጥራጭ፣ በጣሳ የተበጠበጠ የዱቄት ሙጫና ብዙ ያረጁ ፎቶዎች ተዘርግተዋል። እትዬ ወረቀት አንድ የታጠፈ ካርቶን አቀበለቻት። ስትከፍተው ከመሀሉ ሐይቅ ብድግ አለ። ማዕበሉ ከሰማያዊ ወረቀት ተቆርጦ በረድፍ ቆሟል። ከፊቱ ደግሞ ከፎቶ የተቆረጡ ሰዎች አሉ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ አባት፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ፣ አሸዋ የሚቆፍር ታናሽ ወንድም።

«ውይ! ነፍስ ያላቸው ነው የሚመስሉት» አለች አዋላጇ።

«የእረፍት ጊዜያቸው ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሐይቁ ዳር ይመጡ ነበር። ትልቋ ፎቶ አልነሳም ብላ ታለቅሳለች። ‹ዝም ካልሽ ከካሜራው ወፍ ይወጣል› እላታለሁ። ወፉን ስትጠብቅ ቀጭ!»

«አባታቸውስ?»

«ደግ ሰው ነበር። አንድ ክረምት ሳይመጡ ቀሩ። ለካ አባታቸው አርፎ ኖሯል።» ሙጫውን ማማሰል ጀመረች። «ከዚያ ወዲያ ሐይቁም ቀረ።»

አዋላጇ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። «አንቺስ የታለሽ?»

«ካሜራውን ማን ይይዛል ታዲያ?»

ይሁን እንጂ በሌላ ካርቶን ላይ፣ የልጅቷ ትከሻ ላይ አንዲት የሴት እጅ አረፍ ብላለች። ከእጇ በቀር ሌላው አካል በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ይቺስ እጅ የማን ናት?»

«የእናታቸው።»

አዋላጇ ሳቀች። «አይ አንቺ! ሰው እንዴት ራሱን ቆርጦ ይጥላል?»

እትዬ ወረቀት ሙጫው እንዲደርቅ እፍ አለችበት።

ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቱ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። አንዷ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ታጣጥፋለች። አዋላጇ ስታጣጥፍ አንድ ጥያቄ ከሆዷ አይወጣም፤ እነዚህ ልጆች ጤነኞች ከሆኑ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ይህን በር አያንኳኩ?

እትዬ ወረቀትን ሳል ሲጀምራት አብረው መድኃኒት ሊገዙ ወጡ። ጥጉ ላይ ያለውን መድኃኒት ቤት አልፈው፣ ከገበያው ማዶ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት በረንዳ ላይ ወደተከፈተው ሄዱ።

«ለምን ይሄን ያህል እንደክማለን?»

«ትልቋ እዚህ ናት» አለች እትዬ ወረቀት፣ ሻርፗን እያስተካከለች።

ነጭ ጋዋን የለበሰችው ፋርማሲስት የሐኪም ማዘዣውን አየች፣ ሽሮፑን ከመደርደሪያ አወረደች። «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ ይውሰዱ። በጣም ካሳልዎት ሐኪም ጋ ይመለሱ» አለች። ከዚያም፣ «ቀጣይ!»

በቃ፣ ይኸው ነው። እትዬ ወረቀት ግን በሩ ጋ ቆም ብላ ዞር ብላ አየቻት።

አዋላጇ መንገዱን ሙሉ ስትንጨረጨር መጣች። «ልጅ ነው ይሄ? ‹ቀጣይ›! ስንቱን በእነዚህ እጆቼ ተቀብያለሁ፤ ወላድ በድባብ ትሂድ ይባላል እንጂ ወላድ ተሰልፋ ትጠብቅ አይባልም!»

«ተያት። ሥራ በዝቶባት ነው።»

«ቀና ብላ እንኳ አላየችሽም!»

«እኔ አይቻት የለ? ወፈር ብላለች፣ ደህና ናት።»

ዝናቡ ሲጠና ሳሉ ባሰ። አዋላጇ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት፣ አስተኟት። ነርሷ «ቤተሰብ አላቸው?» ስትል፣ አዋላጇ ፈጠን ብላ «አላት እንጂ!» አለች። ከዚያ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

«ልጥራት?»

እትዬ ወረቀት ራሷን ነቀነቀች። «ተይ። ምን ብለሽ ትጠሪያታለሽ?»

ኩራት ነው አለች አዋላጇ በልቧ። የእናት ኩራት። ሌሎቹ አልጋዎች ዙሪያ ጠያቂ ግጥም ብሏል። እዚህ ግን ያለው አንድ ባዶ ወንበር ነው። አላስቻላትም። ቤት ገብታ አንዱን ሐይቅ በፌስታል ጠቅልላ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ገበያው ማዶ ሄደች።

ወረፋውን ጥሳ ባንኮኒው ጋ ደረሰች። «እናትሽ ሆስፒታል ወድቃ አንቺ እዚህ ክኒን ትቆጥሪያለሽ?»

የፋርማሲስቷ ፊት አመድ መሰለ። ያነሳችው ጠርሙስ ከእጇ አመለጠ። «እማዬ!» ብላ እየጮኸች በውስጥ በር ሮጠች።

አሁን ገና ደነገጠች፣ ይበላት፣ አለች አዋላጇ።

ፋርማሲስቷ ተመልሳ ስትወጣ፣ እርጥብ እጃቸውን በሽርጥ የሚያደርቁ አሮጊት በክንዳቸው ይዛ ነበር። «ምነው ሴትዮ፣ ልቤን አጠፋሽው እኮ!» አለች እያለከለከች።

አዋላጇ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ከፈተችው። ሐይቁ ተነሳ።

ፋርማሲስቷ ሱሪውን የጠቀለለውን ሰውዬ በጣቷ ጫፍ ነካችው። «አባዬ...» አለች።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ ብለው አዩት።

«ይሄንንማ ያነሳችን ሐይቁ ዳር ካሜራ አንግታ ትዞር የነበረችው ፎቶ አንሺ ናት፤ በየዓመቱ ታነሳን ነበር፣ ስሟን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም።»