ሦስቴ የመጣችው መኪና

መካኒኩ ጉራው አንድ ነበር፤ ከእጁ የወጣ መኪና በዚያው ሕመም ተመልሶ አያውቅም። ይህንኑ ለመጣው ለሄደው ሲያወራ ዕድሜው አርባ ደረሰ። ሚስት ለማግባት ግን ጊዜ አላገኘም።

ጉራውን አፈር ድሜ ያስጋጠችው የልብስ ሰፊዋ ቀይ መኪና ናት።

መጀመሪያ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። የኤሲው የሙቀት ማዞሪያ ቀዝቃዛው ላይ ድርቅ ብሎ አልነቃነቅ ብሏል።

«እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ በብርድ ልታልቅብኝ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እናትየው በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው ወረዱና በር ላይ ካለው አግዳሚ፣ ከመካኒኩ አባት አጠገብ ተቀመጡ። አባትየው ጋራዡን ለልጃቸው ከነሙያው ያወረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሲጋራ ከተዉ ወዲህ ኪሳቸው ከረሜላ አያጣም፤ ለእናትየውም ዘረጉላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ!» አሉ እናትየው። ጆሯቸው ደከም ስላለ ሹክ ያሉት ነገር እንኳ መንገድ ማዶ ይሰማል።

መካኒኩ ማዞሪያውን ነቅሎ ሲያይ ለስላሳ መጠጥ ፈሶበት ተጣብቋል። አጠበ፣ አደረቀ፣ ቅባት ነካ አደረገበት። ልብስ ሰፊዋ ባትሪ እያበራችለት በቀልዱ ስትስቅ ዋለች። ማዞሪያው በአንድ ጣት ተሽከረከረ።

በሳምንቱ ሰኞ መኪናዋ ተመለሰች። ማዞሪያው እንደገና ደርቋል። መካኒኩን ላብ አጠመቀው። በተሳፋሪው እግር በኩል ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ሲዳብስ፣ ማዞሪያው የሚስበው ቀጭን ኬብል ከመያዣው ወልቆ ተጣሟል።

ይህ በራሱ አይወልቅም። የት ቦታ እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው ካልነካው በቀር። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ መለሰና አሰረው።

ማታ ለአባቱ ግን ተናገረ። «አባባ፣ ስሜ ሊጠፋ ነው። መኪናዋ ምን እንደነካት አላውቅም።»

አባትየው ከረሜላቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ ይሄ የመኪና በሽታ አይደለም፣ የልብ ነው። ሰው ሊያየው የሚፈልገው ሰው ካለ ሰበብ አያጣም።»

መካኒኩ እስከ ጆሮው ጋለ። ሳቋ ትዝ አለው፤ ባትሪ የያዘው እጇም ትዝ አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰኞን እንደ ልጅ ይጠብቅ ጀመር። እሑድ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ ቱታውን አጠበ። አባትየውም ለወጉ ያህል ጢማቸውን ተላጩ።

ሰኞ ቀይዋ መኪና ከተፍ አለች።

«ደረቀ?»

«ደረቀ።»

እጁን በዚያው በተሳፋሪው በኩል ሰደደ። ኬብሉ የሚሄድበት ቀዳዳ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች የምታብለጨልጭ ወረቀት ተሸጉጣለች። አወጣትና ካቻቪቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዛሬ ካልተናገረ ዕድሜ ልኩን እንደማይናገር ገባው።

«ስሚኝ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ እያላት። «እኔን ለማየት ብለሽ መኪናሽን ማበላሸት የለብሽም። እንዲሁ ብትመጪም ደስታዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እኔ? ምን ቆርጦኝ! እኔማ አንተ ነህ ብዬ ነው! ደግማ ትምጣ ብለህ በደንብ የማትጠግነው መስሎኝ፣ ይኸው ስንት ቀን ለሰው ሳልናገር በደስታ ስፍነከነክ ከረምኩ።»

«እኔ? በገዛ ስሜ ላይ?»

ተያዩ። መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ እሷ ፈነዳች፣ እሱም ተከተላት። ሳቃቸው ሲበርድ እጁ እጇ ላይ ነበር። እሷም አላነሳችውም።

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

እናትየው አግዳሚው ላይ ለአባትየው ሹክ ያሉት በተከፈተው በር ገባ፦ «ይቺን ሳይነቁባት አልቀሩም፤ ለሰኞ ደግሞ የመስኮቱ ማንሻ በየት በኩል እንደሚሰናከል አሳየኝ፤ ከረሜላም ጨምርልኝ፣ ወረቀቱ አልቆብኛል።»