ሳይታተም የተነበበ

ወንድሟ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ እትዬ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች። «ለሁለት ሳምንት ነው» ብላ ነበር፤ ይኸው ሦስት ወር ሞላት። አዝላ ያሳደገችውን ልጅ ሾርባ ሌላ ሰው ሲያማስል ማየት አይሆንላትም።

የወንድሟ ሚስት ካርድ ሠሪ ናት። የሠርግ፣ የልደት፣ የሐዘን ካርድ፣ ስጦታ ላይ በክር የሚንጠለጠሉትን ትንንሾቹን ሳይቀር በእጇ ትሠራለች። የሳሎኑ እኩሌታ የእሷ ነው፦ መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ የቀለም ስፖንጆች፣ ወረቀት በአበባና በእንቁላል ቅርጽ የሚቆርጡ ብረቶች፣ ብረቶቹን የሚጫን ባለመዘውር መሣሪያ። ማህተሞቹን ከጎማ የምትቀርጸው ራሷ ናት። አንድ ካርድ በፀጉር ስፋት ከተጣመመባት ወዲያ ትወረውረዋለች።

«የሰው እጅ አላምንም» ትላለች።

ሰሞኑን ግን እትዬን ካላስተማርኩ ብላ ችክ ብላባታለች።

«እትዬ፣ እንዲህ ቀጥ አድርገው ይጫኑት። ሲያነሱት ደግሞ አይጎትቱት።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ይልመዱት። ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ይኑር።»

እትዬ ጫነችው፤ ጽጌረዳዋ እንደ ሰካራም ተንጋዳ ወጣች። በሆዷ «በስተርጅና ገረድ ልታደርገኝ ነው» አለች። ሌላ ማህተም አንስታ ጎማው ላይ ያለውን ልታነብ ሞከረች፤ ፊደሎቹ ተገልብጠው ስለሚቀረጹ «መልካም ልደት» የሚለውን ሌላ ቋንቋ አደረገችው። ሚስቲቱ ሳቀች።

«ማህተም ሳይታተም አይነበብም፣ እትዬ።»

እትዬን የሚከነክናት ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ «ወረቀት ልገዛ» ተብሎ ረፋድ ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ይገባል፤ ወረቀት የሚባል ነገር ግን የለም። ሚስቲቱ በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ታወርዳለች። ወገቧም ሸንቀጥ ብሏል፤ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ነው የምታጠበው። ባል አልጋ ላይ ወድቆ ለማን ነው ይህ ሁሉ ማማር? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወንድሟ እንደሆነ ምንም አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ጠረጴዛውን ልወልውል ብላ መሳቢያውን ሳበች። መሳቢያ እንደማይወለወል ታውቃለች፤ ሳበችው።

መጀመሪያ ያገኘችው የሠርጉን ፎቶ ነው። ወንድሟ በሙሉ ልብሱ ቆሞ ይስቃል። ሙሽራዋ የነበረችበት ቦታ በእንቁላል ቅርጽ የተቆረጠ ቀዳዳ ሆኗል። ሴትየዋ ራሷን ከባሏ ጎን ቆርጣ አውጥታለች!

ከፎቶው ሥር አዲስ ማህተም ነበር። መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደቃቁን ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ ለቀመችው። ነ... ፍ... ሱ... ን... «ነፍሱን ይማር።»

የትዕዛዝ ደብተሩን አገላበጠች። በዚህ ወር የሐዘን ካርድ ያዘዘ ሰው የለም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ በሽተኛ አንድ ነው።

ሚስቲቱ ስትመለስ ማህተሙን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችባት።

«ይኼ ምንድን ነው? ወንድሜን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?»

ሚስቲቱ ማህተሙን አየች፤ ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር አየች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ይሰማል። ዶክተሩ ስድስት ወር ሙሉ ድንጋጤ እንዳያገኘው ብለዋል። እባክዎ አይንገሩት።»

«አንቺ ስትቀርጪው ያልደነገጥሽ!»

«ሦስት ወር ነው የቀረው። እስከዚያ እችለዋለሁ ብዬ ነበር።»

እችለዋለሁ! እትዬ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ወንድሟ፣ ያ ከአፉ ክፉ የማይወጣው ሰው፣ እንደ ሸክም የሚቻል ሆነ! በቀጥታ መኝታ ቤት ገባች። ለልቡ አልፈራችም ማለት ውሸት ነው፤ ፈርታለች። ንዴቷ በለጠባት እንጂ። ማክሰኞውን፣ ፎቶውን፣ ማህተሙን፣ «እችለዋለሁ»ን፣ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

ወንድሟ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ።

«እውነት ነው?» አላት ሚስቱን።

ተነስታ ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለት።

«እውነት ነው ወይ ነው የምልሽ!»

ፊቱን አየች። «ፊትህ ቀለም ይዟል» አለችው። «እንዲህ መቆም ችለሃል። ደህና ሆነሃል ማለት ነው።»

«ከቤቴ ውጪልኝ!»

አልተከራከረችም፤ አላለቀሰችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ትንሿን ቦርሳ አነሳች። ደረጃውን ስትወርድ ሁለት ጊዜ ቆማ ስትተነፍስ ተሰማ። እትዬ «ማስመሰል ታውቅበታለች» አለችና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ወንድሟ ምግብ አልቀምስ አለ። ከቁርስ ሰዓት ጀምሮ የሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያን ፎቶ ያገላብጣል። ጣቱን በቀዳዳው ያሾልካል፤ መልሶ ያወጣል።

«እትዬ፣ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራለች። ማህተሙን እስቲ አትሚው። በዓይኔ ልየው።»

እትዬ ደስ አላት። ማስረጃ ከታየ ወዲያ ልቡ ይቆርጣል። ጥቁሩን ቀለም ነካ ነካ አድርጋ፣ ነጭ ካርድ አንጥፋ፣ እንደተማረችው ቀጥ አድርጋ ጫነችው፤ ሳትጎትት አነሳችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣመም ወጣላት።

መነጽሯን አደረገች፤ ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

«ነፍሷን ይማር።»