የሰማታር ተራ

ዶሚኖ ለአራት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰባት ድንጋይ ይደርሰዋል። የሚገጥም ያጣ ሰው ጠረጴዛውን ያንኳኳና ተራው ያልፋል። ሰማታር የሚያንኳኳው በብር ቀለበቱ፣ ሁለት ጊዜ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት ወልደማርያም «ውሸታም! ይዘህ ነው የምታንኳኳው!» ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። ሰማታር ከዚያ ወዲያ ለጨዋታ አልመጣም፤ ጨዋታውም አብሮ ተቋረጠ። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ እንኳን አይሞላም፤ ኩራት ይሉት ደዌ ግን ይቅርታውን ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲያሰኝ ወባ ቀድሞ ሰማታርን ገደለው።

ዛሬ ከባቡሩ ጋራዥ ወጥተው ከዚራ ሰፈር እንደድሮው ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ወልደማርያም፣ ፋራህና ካሣ። ካሣ ድንጋዩን ለአራት አደለ።

«አንተ ካሣ፣ ቁጥር አላስተማሩህም? ለማን ነው ይሄ?» አለ ፋራህ።

«እጄ ለምዶ ነው። ተወው፣ ይቀመጥ።»

ጨዋታው ተጀመረ። ፋራህ ሁለቱንም ጫፍ አምስት አደረገው። ቀጥሎ ባዶው ወንበር ነበር። ካሣ አልፎት ሊጥል ሲል ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ብር በእንጨት ላይ።

የሦስቱም እጅ ድንጋይ እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ።

«ወላሂ...» አለ ፋራህ፤ «ወልዴ፣ ግለጠውና እይ። አምስት አለው?»

ወልደማርያም ወደ ሰባቱ ድንጋዮች እጁን ሰደደ፤ ሳይነካቸው መለሰው። እንባው ጺሙ ላይ ወረደ።

«የለውም ካለ የለውም» አለ። «ካሣ፣ ተራው ያንተ ነው።»