የብርሃኑ እርማት

«የትኛው ሳጥን ላይ ደረስን?» አሉ አባቷ፣ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ጠረጴዛው አቅንተው።

«ሦስተኛው ላይ። እርስዎ ሐኪም ሊጠሩ ሲሮጡ።»

«አፍንጫዬን አላሳጠርሽውም?»

«ባሳጥረውማ እርስዎ መሆንዎን ማን ያምነኛል፣ አባባ?»

ሽማግሌው ሠዓሊ ሳቁ። የሕይወት ታሪካቸውን በሥዕላዊ መጽሐፍ ልታወጣ ከተነሣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ይተርካሉ፣ እሷ እያንዳንዱን ገጽ በሳጥኖች ከፍላ ትነድፋለች፣ የነደፈችውንም ሳጥን በሳጥን ትነግራቸዋለች። ዛሬ የደረሱት ሁለቱም ሲሸሹት ከከረሙት ገጽ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን አንሶላ ተሸፍና ካገኘችበት ቀን።

ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምራ በቃሏ ታውቀዋለች። እናቷን ማለዳ ትንፋሽ አጠራት፤ አባቷ ሐኪም ፍለጋ ሮጡ፤ ሲመለሱ በሕይወት አልደረሱባትም። ስማቸውን ያስጠራውን «የተኛችው ሴት» የተባለውን ሥዕል ከዓመት በኋላ ከትዝታቸው ሣሉት።

«በመጨረሻው ሳጥን ሥዕሉን ራሱን አስገብቼዋለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን አርሜያለሁ። እርስዎ ብርሃኑን ከምዕራቡ መስኮት ነው ያስገቡት። ማለዳ ከነበረ ከምሥራቁ መግባት አለበት። ከትዝታ ሲሣል ያጋጥማል።»

«እኔ? እኔ ብርሃን ልሳሳት?» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ያየሁትን ነው የሣልኩት! ስጀምር ከምሥራቅ ነበር፤ ወደ ምዕራብ እስኪዞር ድረስ ጥላውን ሦስት ጊዜ ፍቄ ቀይሬዋለሁ። እሷ ደግሞ እጇን ወደ በሩ እያነሣች መከራዬን አበላችኝ። ‹እባክሽ አንድ አፍታ አርፈሽ ተኚ› ብላት...»

መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰቡ።

እርሳሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነበር?»

«መንገዱን ተሻግሮ።»

እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ብርሃኑ እያመለጠኝ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ላጲሱን አነሣች። ከሚሮጡት እግሮች ጀመረች። አባቷ ጆሯቸውን አዘንብለው የወረቀቱን መፋቅ ያዳምጣሉ፤ የትኛው ሳጥን ላይ እንደሆነች አልጠየቁም። ፍርፋሪውን በእጇ ጀርባ ጠረገችና፣ እግሮቹ በነበሩበት ባዶ ቦታ ላይ ወደ አልጋው የዞረ ወንበር ነደፈች።