መዝገቡን መርምረናል

በአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት ዳኛ በጡረታ ሽኝታቸው ላይ፣ «አንድም ገጽ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም» ሲሉ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ግን ለጆሯቸው ሻከረ።

ሰው ሲበተን አንድ ሽበታም ሰውዬ ቀረብ ብሎ ፎልደር ዘረጋላቸው። «የእኔ ይግባኝ ነው፤ እስር ቤት ሆኜ ራሴ የጻፍኩት። ኮፒውን ያወጣሁት ከመዝገብ ቤታችሁ ነው፤ ለማስታወሻ ይፈርሙልኝ።»

ከላይ የራሳቸው ውሳኔ ተያይዟል፦ «መዝገቡን መርምረናል፤ ፍርዱ ጸንቷል።»

«አስታውሰዋለሁ» አሉ ዳኛው። አላስታወሱም።

«ምኑ ነበር ያላሳመነዎት?»

«ከአራተኛው ገጽ በኋላ ያለው ክርክር ትንሽ ደከም ይላል» አሉ፣ ሁልጊዜ እንደሚሉት።

ዳኛው መፈረሚያ ቦታ ፍለጋ ገጾቹን ገለጡ። ከአራተኛው ገጽ በኋላ ያሉት ሃያ ገጾች ባዶ ነበሩ፤ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ግን ሁሉም ላይ አርፏል።

«የእስር ቤቱ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ኖሯል» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ። «እኔም ያወቅሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ፎልደሩን መልሰው ሊከድኑት ሞከሩ።

«ይፈርሙ እንጂ፣ ክቡር ዳኛ» አለ ሰውዬው፤ «ቦታው ሰፊ ነው።»